አራት ጣት ትርፍ

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቦሌ ካለ አንድ ሕንፃ ሥር መኪናዬን አቁሜ ተቀምጫለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የልብስ መደብር ያላት ደንበኛዬ ትጠብቀኛለች። አዲስ ስላስገባቻቸው የሠርግ ቀሚሶች ልጽፍላት ተስማምተን ነበር። ከእኔ የሚጠበቀው በሩን ከፍቶ መውረድ ብቻ ነው። እሱ ግን አቃተኝ። እግሬን አላመመኝም፣ ራሴንም አላዞረኝም። እጄ የመኪናውን በር መክፈቻ ይዞ 40 ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ደወልኩና፣ “ልጄን አሟታል” ብዬ ዋሽቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ልጄ ደህና ነበረች። የታመምኩትስ እኔ ነበርኩ።

ስለ ልብስና ስለ ፋሽን መጻፍ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት በፍሪላንስ ነው። ይህ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ነፃነት ይመስላል። አለቃ የለም፣ የሰዓት ፊርማ የለም፣ ካሻችሁ በፒጃማ ትሠራላችሁ። ግን አለቃ የሌለው ሰው “በቃ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ” የሚለውም የለም። ዛሬ “አይመቸኝም” ካልኩት ነገ ሌላ ሰው ይፈልጋል የሚል ፍርሃት ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ይተኛ ነበር። ስለዚህ ለሁሉም እሺ አልኩ። የእኛ አገር የልብስ ወሬ ደግሞ ከበዓል ጋር የተሳሰረ ነው። የእንቁጣጣሹን ሳልጨርስ የገናው ይደርሳል፤ ቀጥሎ “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” የሚባልለት ጥር፣ ከጥር ጋር የሠርግ ወቅት፣ ከዚያ ፋሲካ።

ምልክቶቹ ቀድመው መጥተው ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየኋቸው። አንድ ቀን የጻፍኩትን መልሼ ሳነብ በአንድ ገጽ ውስጥ “ውብ” የሚለውን ቃል ዘጠኝ ጊዜ አገኘሁት። ከዘጠኙ ቀሚሶች አንዱም በእውነት ውብ መስሎ አልታየኝም ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ያኔ ስምንት ዓመቷ የነበረችው ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ የሆነ ነገር ልትነግረኝ ጀመረች። እኔ በአንድ ዓይኔ እሷን፣ በሌላው ስልኬን አያለሁ። ዝም አለችና፣ “እማዬ፣ ስልክሽን ስታስቀምጪ እነግርሻለሁ” ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ያን ቀን ስልኬን ያስቀመጥኩት ከተኛች በኋላ ነው።

ከመኪናው ቀን በኋላ ባለቤቴ ይዞኝ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ደሜን መረመሩ፤ የታይሮይዱም፣ የደም ማነሱም ውጤት ደህና ነበር። ሐኪሙ ወረቀቶቹን አጠፈና፣ “መጨረሻ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የተኛሽው መቼ ነው?” አለኝ። ማስታወስ አልቻልኩም። እንግሊዝኛው “በርንአውት” የሚለውን፣ እኔ የሥራ ዝለት የምለውን ነገር ያን ቀን ነው በስሙ የሰማሁት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የሰጠውን ገለጻ በኋላ ፈልጌ አነበብኩ። ድርጅቱ ይህን በሽታ አይለውም። በአግባቡ ሳይያዝ የቆየ የሥራ ጫና የሚያመጣው ነገር ነው ብሎ ሦስት መለያዎችን ያስቀምጣል፤ የአቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ የሚሠሩት ሁሉ ፍሬ እንደሌለው መሰማት። ሦስቱንም ሳነብ የራሴን ማስታወሻ ደብተር የማነብ መሰለኝ።

ሦስት ወር ለማረፍ ወሰንኩ። “ወሰንኩ” ማለት ቀላል ነው። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ አብረውኝ አላረፉም። ዕድል ሆኖ የዕቁቤ ዕጣ ደረሰኝ፤ አዲስ ኮምፒውተር ልገዛበት ያሰብኩት ገንዘብ ጤፍና ዘይት ሆነ። ባለቤቴ ሌላውን ሸፈነ። እናቴ በየቅዳሜው ቡና እያፈላች፣ “ልጄ፣ መሬት እንኳ ዓመት ሙሉ አይታረስም” ትለኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕረፍት አልነበሩም። ለሥራ ያልነካሁትን ስልክ ለግዢ መነካካት ጀመርኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቴሌግራም ቻናሎች ሦስት ጥንድ ጫማ አዘዝኩ። ሦስተኛው ሲመጣ የማስቀምጥበት ቦታ ለማግኘት ቁም ሣጥኔን ገለበጥኩት። የዋጋ ወረቀታቸው ያልተነቀለ 14 ልብሶች አገኘሁ። አልጋው ላይ ደርድሬ አየኋቸው። የእያንዳንዳቸውን ቀን አስታወስኩ። ይህን የገዛሁት ጽሑፌ ተመልሶ የመጣ ቀን ነው፤ ያንን ደግሞ ክፍያ የዘገየብኝ ሳምንት። ሌላውን ሰው ግዛ እያልኩ የምጽፈው እኔ፣ ለራሴ የምገዛው ሲደክመኝ ነበር።

46 ኪሎ

ያን ቀን ያለፉት ጉዞዎቼም ትዝ አሉኝ። ለሥራ ከነጋዴ ሴቶች ጋር ዱባይ ዴይራ፣ ኢስታንቡል ላሌሊ ሄጃለሁ። እነዚያ ሴቶች የሚገዙትን ያውቃሉ። ጨርቁን በጣታቸው አሽተው፣ ስፌቱን ገልብጠው አይተው፣ በደርዘን ተደራድረው፣ ኪሎውን በአእምሯቸው ደምረው ይወጣሉ። እኔ ግን ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ የተፈቀደልኝን ሁሉ ካልሞላሁ ጉዞው የከሰረ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ላሌሊ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተከራክሬ የገዛሁትን ሻርፕ ከተመለስኩ በኋላ መርካቶ በአነሰ ዋጋ ተሰቅሎ አየሁት። ከኢስታንቡል ያመጣሁት ትዝታ ምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ የመጣልኝ የሻንጣው ክብደት ብቻ ነው። ባሕሩን እንኳ ያየሁት ከታክሲ መስኮት ነበር።

ጥር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ፣ ድሬዳዋ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ጠራችን። ልጄንና አንድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ይዤ ሄድኩ። አንድ መስመር አልጽፍም፣ ለጽሑፍ ብዬ ፎቶ አላነሳም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር መንገዱ የደንገጎን ዳገት ይዞ ይወጣል። ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል። ሐረማያ ስንደርስ ሾፌሩ ሐይቁን አሳየን። ደርቆ ከብት ሲግጥበት የኖረው ሜዳ ዛሬ ውሃ ይዟል። ልጄ፣ “የት ሄዶ ነው የመጣው?” አለች። ሾፌሩ ሳቀና፣ “አቦ፣ ሐይቅም ይደክመዋል” አላት።

መኪና ግርግር

ሐረርን የምታውቁ ጀጎልን ታውቃላችሁ። በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ባለ ግንቧ ከተማ አምስት ጥንታዊ በሮች አሏት። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ግን ለእኔ ከበሮቹ ሁሉ ይበልጣል። ስሙ መኪና ግርግር ነው። ግራና ቀኙን ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው፣ በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪና ሲንገረገር ነው ስሙን ያገኘው። ጨርቁ ከሱቆቹ ደጃፍ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ ይሆናል። ሴቶች ጨርቅ መርጠው፣ አስለክተው፣ እዚያው ያሰፋሉ።

ለልጄ ነጭ መደብ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለበት የጥጥ ጨርቅ ገዛሁና አንድ ሽማግሌ ሰፊ ፊት ዘረጋሁት። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ልጅቷን ለኩ።

“አባባ፣ ለማታ ይደርሳል?” አልኳቸው።

“አይደርስም፣ ልጄ። ጥጥ ነው። ሳይነከር ከተሰፋ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሸበሸባል፣ ያጥራታል። ውሃ ይጠጣ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይሰፋል። ነገ ነይ።”

“ነገ ማታ እንመለሳለን…” አልኩ። ምንም የሚያስቸኩል ነገር አልነበረኝም፤ የልማዴ ነው።

“አቦ፣ ምን ያስቸኩልሻል?” አሉና ጨርቁን አጣጠፉት። “ይልቅ ልጅቷ ለስንት ጊዜ እንድትለብሰው ትፈልጊያለሽ?”

“እስኪያጥራት።”

“እንግዲያው ቶሎ እንዳያጥራት እናድርገዋ።” አራት ጣታቸውን ገጥመው የጨርቁ ጫፍ ላይ አስቀመጡ። “ይህን ያህል ወደ ውስጥ አጥፌ እተውላታለሁ። ልጅ ያድጋል። ሲያጥራት ትፈቺዋለሽ።”

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ቀሚስ ቁመት፣ ስለ ወገብ፣ ስለ ቀለም ጽፌአለሁ። ከጫፉ ውስጥ ስለሚታጠፈው፣ ማንም ስለማያየው ትርፍ ጨርቅ ግን አንድ ቀን ጽፌ አላውቅም። የእኔን ሕይወት ማንም ሰፊ እንዲህ አልሰፋውም ነበር። አንድ ጣት ትርፍ እንኳ ሳይተው፣ በልክ በልኩ ተቆርጦ ነበር። ትንሽ ስንቀሳቀስ የተቀደደውም ለዚህ ነው።

ነገ እስኪደርስ ባዶ ቀን አገኘን። በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም በተቀቡት ግንቦች መሃል ስንዞር ልጄ በሮች ትቆጥራለች፤ 60 ላይ ስትደርስ ተሳሳተችና እንደገና ጀመረች። አንድ የሐረሪ ቤት ገብተን ነደባው ላይ ተቀመጥን። የቤቱ እመቤት የቡና ቁርስ አቀረቡልን። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው። ልጄ አንገቷን ቀና አድርጋ ስታይ ቆየችና በድንገት ስለ ጓደኛዋ ማውራት ጀመረች። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ጓደኛዋ ትምህርት ቤት ከቀየረች ሁለት ወር አልፏታል። ልጄ በዕረፍት ሰዓት ብቻዋን ነው የምትበላው። ያን ቀን፣ ስልኬን ሳስቀምጥ ልትነግረኝ የነበረው ይህን ነበር።

ምንም አላልኳትም፤ እቅፍ አድርጌ ያዝኳት። እመቤቲቱ አዩን፣ ስኒዋን ሞሉልኝና ወደ ጓዳ ገቡ።

በማግስቱ ቀሚሱ ደረሰ። ከሐረር የገዛሁት እሱንና አንድ ከረጢት ቡና ብቻ ነው። ቦርሳዬ በሄደበት ክብደት ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ከተመለስኩ በኋላ

መጋቢት ላይ ወደ ሥራ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ስለ ልብስ ውስጠኛ ክፍል ነበር፤ ስለ እጥፋት፣ ስለ ዘምዘማ፣ ስለ ቁልፍ አሰፋፍ። “ውብ” የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ አለበት፤ እሱንም አምኜበት ነው የጻፍኩት። አሁን በወር ከአራት ሥራ በላይ አልቀበልም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለማንም አይሸጥም። ሁለት ደንበኞች በዚህ ምክንያት ሄዱ። ከመኪናው ውስጥ ሆኜ የዋሸኋት ደንበኛዬ ግን እውነቱን ስነግራት፣ “እኔም እኮ እንደዚያው ነኝ” አለችኝ፤ ዛሬም አብረን እንሠራለን። ገቢዬ ቀንሷል። ይህን ሳልናገር ባልፍ እዋሻችኋለሁ። የግዢ ወጪዬም አብሮ ስለቀነሰ ግን ልዩነቱ እንደፈራሁት አልሆነም። ባለፈው ጥር በሠርግ ሰሞን ተታልዬ ሁለት ሥራ ጨምሬ ነበር፤ እንቅልፌ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ዝለት አንዴ ከቤት ካወጡት የማይመለስ እንግዳ አይደለም። አሁን ግን በሩን ሲያንኳኳ አውቀዋለሁ።

ስጓዝም ግዢዬ ተለውጧል። የመጀመሪያውን ቀን ገንዘብ ሳልይዝ ገበያውን እዞራለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ያልረሳሁትን ብቻ እገዛለሁ። ከተሠራበት ቦታ፣ ከሠራው ሰው እጅ መግዛት እመርጣለሁ። የማሰፋ ከሆነ በልኬ የሆነ አንድ ልብስ ለናሙና እይዛለሁ። ጥጥ ከሆነ ሳይነከር አይሰፋም። ስከፍል ደግሞ ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ይህን የምገዛው ወድጄው ነው ወይስ ደክሞኝ? ደክሞኝ ከሆነ ሻይ እጠጣና እተወዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ የሐረሩን ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ቆመች። ጉልበቷ ላይ ደርሷል። መቀስ አምጥታ ሰጠችኝና ወለሉ ላይ ተቀምጠን ክሩን አንድ በአንድ ፈታነው። እጥፋቱ ሲወርድ ከውስጥ የወጣው ሰማያዊ ፀሐይና ሳሙና ያልነካው፣ እንደተገዛበት ቀን ደማቅ ነበር። ከላይኛው ደብዘዝ ካለው ጋር በግልጽ ይለያል።

“ያስታውቃል፣ አይደል?” አልኳት።

“ያስታውቅ” አለችኝ። “አድጌ እኮ ነው።”

አዲሱን ጫፍ ስዘመዝም ሁለት ጣት ያህል አሁንም ወደ ውስጥ አጠፍኩ።