የመጥበሻ ዘይትና የናፍጣ ሞተር

ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ የፈለሰፈው ሞተር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ በተከፈተው ታላቅ ዐውደ ርእይ ላይ የኦቾሎኒ ዘይት እየጠጣ ሲሠራ ለሕዝብ መታየቱን ባሰብሁ ቁጥር፣ ዛሬ ከመጥበሻ ተርፎ በየቦዩ የሚደፋው ዘይት እጅግ ያሳዝነኛል።

ይሁን እንጂ የአትክልት ዘይት ከናፍጣ አብልጦ ወፍራም ስለ ሆነ፣ እንደ ቀዘቀዘ ወደ ሞተር የገባ እንደ ሆነ በኢንጀክተሩ አፍ ላይ ጥላሸት ይጋግራል፤ የፒስተኑንም ፋሻ ያጣብቃል። ስለዚህ ጥበቡን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ዘይቱን በበርሜል ያሳድረዋል፤ ፍርፋሪውና ውኃው ወደ ሥር ዘቅጦ ላይኛው እንደ ማር ወለላ ሲጠራም ቀድቶ በጥሩ ማጥለያ ያሳልፈዋል። መኪናውን በናፍጣ አስነሥቶ፣ የሞተሩ ሙቅ ውኃ በሁለተኛው ሰልባትዮ ያለውን ዘይት እስከ 70 ዲግሪ ገደማ አሙቆ ካቀጠነው በኋላ ብቻ ወደ ዘይቱ ይለውጣል፤ ከማጥፋቱም በፊት መስመሩን በናፍጣ ያጥባል። ይህን ሁሉ ትዕግሥት ከልቤ አከብራለሁ፤ ከጥንቃቄ የተለየ ቁጠባ ጥፋት ነውና።

በከፍተኛ ግፊት የሚሠሩትን የዘመኑን ሞተሮች ግን፣ ወዳጆቼ፣ በዚህ አትፈትኗቸው፤ ለእነርሱ የሚሻለው ዘይቱ በአልኮል ተለውጦ የሚገኘው ባዮዲዝል፣ ያውም ፋብሪካው በፈቀደው መጠን ከናፍጣ ጋር የተቀላቀለው ነው።