ትራክ 07 የማነው?

አንድ ዘፈን ሲያስጨፍረን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን ዘፈነው?» ብለን ነው። «ማን ሠራው?» የሚል ሰው ብዙም አይገጥመኝም። ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ባለቤት ያለውም አይመስለንም።

ሮቤ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ ሞልቷል። መናኸሪያው አካባቢ ካሉ ሱቆች በፍላሽ ይገለበጣል፣ በባጃጅ ከተማውን ይዞራል፣ ቅዳሜና እሁድ 14 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጎባ ሠርግ ላይ ይደርሳል። አንድ ቀን የሚኒባሱን ሹፌር «ይሄ የማነው?» አልኩት። «እኔ እንጃ ወንድሜ፣ ከፍላሽ ነው» አለኝ። ስክሪኑ ላይ «ትራክ 07» ይላል።

ትራክ 07 የሠፈሬ ልጅ ሥራ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ እናቱ እስከ ዛሬ ኮምፒውተር ጥገና የሚማር ነው የሚመስላቸው። ሌሊት መስኮቱን በብርድ ልብስ ይጋርዳል፤ ለሮቤ ብርድ ሳይሆን ጎረቤት እንዳይሰማ ነው። መብራት ከጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ ይሠራል። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ዲጄ ነው። ሽማግሌዎች ሲገቡ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሚዜዎቹ ሲሞቃቸው ኦሮምኛውን ከአማርኛው ጋር መገጣጠሚያው ሳይታወቅ ያያይዘዋል። ማንም ዞሮ አያየውም። ዞረው ካዩት እኮ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው!

አንድ ምሽት አጠገቡ ተቀምጬ ሲሠራ አየሁት። ሠርግ ላይ በስልኩ የቀዳው ጭብጨባ አለው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ምቱን በአራት ይቆጥራል፤ የእኛ ችክችካ ግን በስድስት ነው የሚሄደው። መጀመሪያ እሱን አስተካከለ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ጭብጨባ በማውዝ እየያዘ ከመስመሩ ትንሽ ትንሽ ያወጣው ጀመር።

«ምን እያበላሸህ ነው?» አልኩት።

«አቦ፣ ሃያ ሰው ሲያጨበጭብ እኩል ያርፋል እንዴ? እኩል ካደረግኩት ማሽን ነው የሚያጨበጭበው።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ጭብጨባ ሲያንቀሳቅስ አመሸ። በማግስቱ የሰማሁት ሙዚቃ ውስጥ ግን ሰው ነበረ።

ይህ ሥራ ትናንት የተጀመረ አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ዞሮ ሰማው። በ2014 ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ክራርና ማሲንቆን ከኮምፒውተር ምት ጋር አዋህደው ሥራቸውን አወጡ፤ ያሳተመላቸው ዋሽንግተን ያለ ትንሽ አሳታሚ ነው። በ2018 ሮፍናን «ነጸብራቅ»ን ይዞ መጣ፤ ዲጄና አቀናባሪ የነበረው ልጅ መድረኩ መሀል ቆመ። ከዚያ ወዲህ የሠፈሬን ልጅ የመሰሉ ብዙዎች «ይቻላል ለካ» አሉ።

እነዚህ ሰዎች ጎበዞች መሆናቸው እንዳለ ሆኖ፣ እኔና እናንተ ልናውቃቸው የቻልነው ሥራቸው ላይ ስማቸው ስላለ ነው። ድሮ የካሴት ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር እየተባለ ይጻፍ ነበር። ታላቅ ወንድሜ «ቅንብር፦ ኤልያስ መልካ» የሚል ካየ ዘፋኙን ባያውቀው እንኳ ይገዛ ነበር። ፍላሽ ግን ሽፋን የለውም። ሙዚቃው በነፃ መገልበጡ አንድ ነገር ነው፤ ስሙ መንገድ ላይ መቅረቱ ግን የባሰ ነው። ስም ከሌለ ለሚቀጥለው ሠርግ የሚጠራው ሰው የለም፣ ሒሳብ የሚጠይቅበት መንገድም የለውም።

ለዚህ ነው ልጁ አሁን አዲስ አበባ ልሂድ የሚለው። «እዚያ ቢያንስ ማን እንደሠራው ይጠይቃሉ» ይላል። እውነቱን ይሁን አይሁን አልተከራከርኩትም። ግን ከሄደ የጎባን ሠርግ ጭብጨባ ከየት ይቀዳል? አዲስ አበባ ሆኖስ ያንን ለዛ የሚሰማ ጆሮ ምን ያህል ይቆይለታል?

እኔ ለመንግሥትም ለባለሀብትም የማቀርበው ጥያቄ የለኝም። ጥያቄዬ ለእናንተ ነው፣ ፍላሽ ለምትቀባበሉት። ሳትገለብጡ በፊት «የማነው?» በሉ። የፋይሉ ስም ላይ የሠራውን ሰው ስም፣ ካልሆነም የመድረክ ስሙን ጻፉበት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ልጁ የመድረክ ስም መርጧል። ለእናቱ እስኪነግራቸው ድረስ ግን እኔም አፌን ይዣለሁ።