አዋሽ መውረድ ሲገባኝ

በ1975 ዓ.ም. ነው። ወንድሜን አዋሽ ላይ ወባ ያዘው። መድኃኒት ይዤ ማታ ከለገሃር በባቡር ተሳፈርኩ። ሰዉ ብዙ ነው። ከረጢቱም፣ ዶሮውም አብሮን ይሄዳል። ቆላው ሲጀምር ሙቀቱ መጣ። እንቅልፍ ጣለኝ።

ስነቃ ነግቷል።

«እማማ፣ አዋሽ ደረስን ወይ?» አልኳቸው አጠገቤ ያሉትን እናት።

«የምን አዋሽ፣ ልጄ! ድሬዳዋ ልንገባ ነው እኮ!»

መድኃኒቱን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ።

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደረሰ። ወደ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው ከበደው። ስለዚህ ከተማይቱ ከተራራው ሥር ተቆረቆረች። መንገዶቿ ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ ያጠላባቸው ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ብሎኝ እዞር ነበር። ያን ቀን ግን ከጣቢያው መራቅ ፈራሁ። የሚመለሰው ባቡር ማታ ነው አሉኝ። እማማ ቤታቸው ቅርብ ነበርና ወስደው ምሳ አበሉኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ አዋሽ ወረድኩ። ወንድሜ ጋቢ ተከናንቦ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጧል። ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱን ተቀበለኝና እንዲህ አለኝ፦

«ትናንት ሌሊትም መጥቼ ነበር። በመስኮት አየሁህ። ብጠራህ፣ ብጠራህ አልሰማ አልክ።»