ከቁማር ቤት እስከ ዶራሌ

ሰው አሮጌ ዕቃ ሲገዛ ምን ሊያደርገው እንዳሰበ አይታወቅም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሜዳ ላይ የተጣለች ዝገት የበላት ሞተር በሳምንቱ ወፍጮ ስታዞር ትገኛለች። የቻይና የባሕር ኃይል ታሪክም ለእኔ የሚጀምረው እንዲህ ካለ ግዢ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በ1998 አንድ የሆንግ ኮንግ ነጋዴ ዩክሬን ድረስ ሄዶ ቫርያግ የምትባል፣ ተሠርታ ያላለቀች የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በ20 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሶቭየት ኅብረት ሲፈርስ መሀል መንገድ ላይ የቀረች፣ በራሷ የማትንቀሳቀስ ቀፎ ናት። ምን ሊያደርጋት ነው ቢባል፣ ማካዎ ተወስዳ ተንሳፋፊ ቁማር ቤት ትሆናለች ተባለ። ቱርክ በቦስፎረስ አላሳልፍም ብላ ከዓመት በላይ ጥቁር ባሕር ላይ አንከራተተቻት። በኖቬምበር 2001 መንገድ ተለቀቀላት፤ በስዊዝ ማለፍም ስላልሆነላት እየተጎተተች አፍሪካን በሙሉ ዞራ በማርች 2002 ዳሊያን ገባች። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2012፣ ሊያውኒንግ ተብላ የቻይና የመጀመሪያዋ የአውሮፕላን ተሸካሚ ሆነች። ቁማሩ አልቀረም፤ ቁማርተኛው ነው የተለወጠው።

እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት መጣ? እኔ መልሱን የምፈልገው አንዲት ሌላ መርከብ ዘንድ ነው። ቤይጂንግ በሚገኘው የበጋ ቤተ መንግሥት ሐይቅ ዳር ፈጽሞ የማትቀዝፍ መርከብ ቆማለች። መሠረቷ ድንጋይ ነው፤ ፎቋ ደግሞ እብነ በረድ እንዲመስል የተቀባ እንጨት። እቴጌ ሲሺ በ1893 አሳደሷት። ለባሕር ኃይል ከታሰበው ገንዘብ ብዙው ለዚያ ቤተ መንግሥት ማሳመሪያ ዋለ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወሳል። በዓመቱ ከጃፓን ጋር ጦርነት ሆነ። በሴፕቴምበር 1894 ያሉ ወንዝ መፍሰሻ አጠገብ የቻይና መርከቦች ተመቱ፤ በፌብሩዋሪ 1895 የተረፉት ዌይሃይዌይ ላይ ተከብበው አለቁ፤ አድሚራሉ ዲንግ ሩቻንግም ራሱን ገደለ። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ ልክ ዓመት ቆይቶ እኛ አድዋ ላይ ነበርን። እኛ በየዓመቱ የምንጨፍርለትን ዘመን እነሱ በየትምህርት ቤታቸው እንደ ቁስል ያስጠኑታል። ድል ይሻላል ሽንፈት ለመማሪያነት ብትሉኝ፣ በግልጽ ለመናገር፣ ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል።

የቅርቡ ቁስል የ1996ቱ ነው። ታይዋን ፕሬዚዳንቷን በሕዝብ ድምፅ ልትመርጥ ስትዘጋጅ ቻይና ለማስፈራራት ሚሳይል ተኮሰች። አሜሪካ ሁለት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን ከነአጃቢዎቻቸው ላከች፤ ነገሩም በዚያው በረደ። ቤይጂንግ ያኔ መልስ መስጫ አልነበራትም።

ዛሬ አላት። ሻንዶንግን በ2019 ራሷ ሠርታ አስገባች፤ ፉጂያን ደግሞ በኖቬምበር 2025 ሥራ ጀመረች። በፊተኞቹ ሁለት መርከቦች ላይ አውሮፕላን የሚነሣው አፍንጫው ሽቅብ ከተቀለበሰ ወለል ላይ በገዛ ጉልበቱ ነው፤ ስለዚህ ነዳጅና ቦምብ እንደ ልቡ አይጭንም። ፉጂያን ግን በኤሌክትሮማግኔት ኃይል እንደ ወንጭፍ ትወረውረዋለች። ይህን ከእሷ በፊት የያዘችው የአሜሪካዋ ጄራልድ ፎርድ ብቻ ነበረች። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ራሱ የቻይናን የጦር መርከቦች ከ370 በላይ አድርጎ ቆጥሮ፣ በቁጥር የዓለም አንደኛ ብሏቸዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። በዓለም ላይ ከሚሠራው የንግድ መርከብ በጭነት መጠን ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከቻይና መርከብ መሥሪያዎች ነው። በያጅ ያለው አገር መድፉን በኋላም ይጨምርበታል።

እርግጥ አጋንነን አንፍራ። አሜሪካ 11 የአውሮፕላን ተሸካሚዎች አሏት፤ ሁሉም በኑክሌር ኃይል የሚሄዱ ናቸው። ቻይና ከ1979ኙ የቬትናም ዘመቻ ወዲህ ትልቅ ጦርነት አልገባችም፤ መርከብና መርከበኛ ደግሞ የሚፈተነው በማዕበል እንጂ በሰልፍ አይደለም። አቅልለንም አንይ። በ2016 የሄጉ የግልግል ጉባኤ በደቡብ ቻይና ባሕር ላይ የምታነሣውን የባለቤትነት ጥያቄ ሲጥልባት፣ ወረቀቱን አልቀበልም አለች። የፊሊፒንስ ጀልባዎች በውኃ መድፍ ሲመቱ ያየ ሰው የዚህ ኃይል ጎረቤት መሆን ምን እንደሚመስል ይገባዋል።

እኛም እኮ ጎረቤት ሆነናል! እኔ ትራንዚተር ነኝ፤ ለእንጀራዬ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ኮንቴይነሮቼን የማወጣበት የዶራሌ ወደብ ጎን፣ በኦገስት 2017 የተከፈተው የቻይና የመጀመሪያው የባሕር ማዶ ጦር ሰፈር ግንብ ቆሟል። ከዚያ በጥቂት ኪሎ ሜትር የአሜሪካኖቹ ሰፈር አለ፤ ፈረንሳዮች፣ ጃፓኖችና ጣልያኖችም አሉ። በ2018 አሜሪካኖቹ ከቻይናው ሰፈር በኩል ሌዘር በርቶብን የአብራሪዎቻችን ዓይን ተጎዳ አሉ፤ ቻይና ሐሰት ነው አለች። ያ ሰሞን እኔ የማስበው ስለ አብራሪዎቹ አልነበረም፤ ወደ አገራችን የሚገባው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፍባት በር ይህቺው ናት።

ጥላቻ የለኝም። በኤፕሪል 2015 የመን ስትነድ የቻይና የጦር መርከብ ኤደን ወደብ ገብታ የሌሎች አገሮችን ሰዎች ወደ ጅቡቲ ስታሻግር፣ ከ225ቱ ተሳፋሪዎች 29ኙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። መርከብ የሌለው ሰው ያወጣውን መርከብ ስም አይረሳም፤ ሊንዪ ትባላለች።

ባለፈው ጉዞዬ ተራ እየጠበቅን ሳለ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ልጅ እግር ነው፣ በአገጩ ወደ ግንቡ እያመለከተ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እዚህ ቢታኮሱ ማዳበሪያው በየት ይገባል?» አለኝ።

«በርበራ አለ» አልኩት።

«እሱስ ያው ባሕር ላይ አይደል?» አለና ሞተሩን አስነሣ። ተራው ደርሶ ነበር።