አባዬ በሩ ላይ ሲቆም

አባዬ ፓርኪንሰን አለበት። ከሳሎን ወደ ኩሽና ሲሄድ በሩ ላይ ድንገት ይቆማል። እግሩ ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ይመስላል። አንድ ቀን ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር «አባዬ፣ ቶሎ በል እንጂ!» ብዬ ጮኽኩበት። ቀና ብሎ አየኝና «እኔ እኮ እሺ ብያለሁ፤ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ» አለ። በጣም አፈርኩ።

ያን ሌሊት ስለ በሽታው ሳነብ አደርኩ። ስሙ የመጣው በ1817 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ ከጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በበሽታው ምክንያት ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩ የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ተመራማሪዎች ግን የሞቱትን ሴሎች ብቻ አያጠኑም፤ የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መረብም ያጠናሉ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ይህ ቶሎ ገባኝ። አንድ መስመር ሲበላሽ መልእክት በሌላ መስመር ሊያልፍ ይችላል። ሳናስብ የሚያራምደን የአንጎል መስመር ሲዳከም፣ በዓይን የሚታይ ምልክት ወይም በጆሮ የሚሰማ ምት በሌላ መንገድ እግርን ሊያነሳ ይችላል።

የአባዬን ፊዚዮቴራፒስት አማከርኩ። ከዚያ በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር በመስመር በመስመር ለጠፍኩ። እኔ ሳጨበጭብ አባዬ አንዱን መስመር ተሻገረ፤ ከዚያ ሌላውን።

በሽታው አልዳነም፤ መድኃኒቱንም ይወስዳል። አንዳንድ ቀን ጭብጨባውም አይሠራም። «ቶሎ በል» ማለት ግን ትቻለሁ። በሩ ላይ ሲቆም አጨበጭባለሁ። እሱም «ሠርግ መሰለህ እንዴ?» እያለ ያልፋል።