ከማኅበሩ የቀሩት ሁለቱ

በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ምሥራቃዊ ጠርፍ፣ የስንዴ ማሳ እንደ ባሕር ማዕበል ከፍ ዝቅ በሚልበት ኮረብታማ አገር ላይ ፑልማን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አካባቢው ፓሉስ ይባላል። ከስንዴው ቀጥሎ ስሙን ያስጠራው ምስር ሲሆን፣ ከተማዪቱም በየዓመቱ በኦገስት ወር የምስር በዓል ታከብራለች። የፑልማን ኑሮ የተንጠለጠለው በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርስቲ ላይ ነው፤ ተማሪዎቹ ለዕረፍት በተበተኑ ጊዜ ከተማዋ ግማሽ ነፍሷን ታጣለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። በረዶ መንገዱን በሚሸፍንባቸው ወራት ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ትልቅ ጣሪያ ቢስሊ ኮሊስየም የተባለው የስፖርት አዳራሽ ነው። በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው ይህ አዳራሽ ከ11 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። የቅርጫት ኳስ ሜዳው የተሰየመው ቡድኑን ከ1928 እስከ 1958 ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባሠለጠነው በጃክ ፍሪል ነው። በ1941 ፍሪል ልጆቹን ለአገር አቀፉ ዋንጫ ፍጻሜ አድርሶ በዊስኮንሲን 39 ለ34 ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ያን ደጃፍ አልረገጠም።

«ኮንፈረንስ» የሚባለውን ነገር በማኅበር ምሳሌ ማስረዳት ይቀላል። ማኅበርተኛ በተራ እንደሚደግስ ሁሉ፣ የአንድ ኮንፈረንስ አባል የሆኑ ዩኒቨርስቲዎችም አንዱ በሌላው ቤት እየሄዱ ይጋጠማሉ፤ ዛሬ እንግዳ የነበረው ነገ አስተናጋጅ ይሆናል። የመሰባሰቢያው ምክንያት በመሠረቱ ጉርብትና ነበር። በ1915 በፖርትላንድ ከተማ አራት የምዕራብ ጠረፍ ተቋሞች የጠነሰሱትን ማኅበር ዋሽንግተን ስቴት በ1917 ተቀላቀለው። ማኅበሩ ኋላ የአባሎቹን ቁጥር እየተከተለ ስሙን ሲለውጥ ኖረ፤ በ1968 ፓክ 8፣ በ1978 ፓክ 10፣ በ2011 ፓክ 12 ተባለ። የሎስ አንጀለሱ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. በጆን ውድን አሠልጣኝነት ከ1964 እስከ 1975 ባለው ጊዜ አሥር የአገር ዋንጫ ሲሰበስብ የዚሁ ማኅበር ጽዋ ጠጪ ነበር። ለፑልማን ሰው የማኅበሩ ትርጉም እዚህ ላይ ነው። ባለጠጋውና ዝነኛው፣ ወደደም ጠላም፣ ተራው ሲደርስ ሻንጣውን ይዞ ወደ ስንዴው አገር መምጣት ነበረበት።

ጁን 30 ቀን 2022 ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርስቲዎች፣ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. እና ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ከ2024 ጀምሮ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ አስታወቁ። በዓመቱ፣ በጁላይ መጨረሻ፣ ኮሎራዶ ወደ ቢግ 12 ወጣ። የቀሩት ዘጠኝ አባሎች አፕል ያቀረበውን የሥርጭት ውል ለመቀበል ይሰበሰባሉ በተባለበት ዕለት፣ ኦገስት 4 ቀን 2023፣ ማኅበሩ በአንድ ጀምበር ፈረሰ። ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 አመሩ። በሴፕቴምበር 1 ደግሞ ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ተከተሉ። መስኮታቸው ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚከፈት ሁለት ዩኒቨርስቲዎች «የአትላንቲክ ጠረፍ» የሚባል ማኅበር አባል ሆኑ። «አሥሩ» የሚባለው ቢግ ቴን ዐሥራ ስምንት አባላት ይዞ ስሙን አልለወጠም። ጽሑፈ ተውኔት እንዲህ ያለ ነገር ቢይዝ ኖሮ ገምጋሚው «የማይመስል» ብሎ ይመልሰው ነበር።

ለመሆኑ የቅርጫት ኳሱ ጥፋት ምን ነበር? ምንም። ገንዘቡ ያለው አሜሪካኖች ፉትቦል በሚሉት፣ ሞላላዋን ኳስ በክንድ አቅፈው በሚሮጡበት ጨዋታ ላይ ነው። የቴሌቪዥን ኩባንያዎች የሚገዙት እሱን ነው፤ የሚመርጡትም ብዙ ሕዝብ ያለበትን ከተማ ነው። የቅርጫት ኳሱ፣ የመረብ ኳሱ፣ ሯጩና ዋናተኛው ጌታው ሲሰደድ እንደሚከተል ቤተሰብ ከኋላ ተጫኑ። ሎስ አንጀለስ ያለ ተማሪ በሥራ ቀን ማታ ኒው ጀርሲ ድረስ፣ ወደ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር በርሮ ተጫውቶ፣ በነጋታው ክፍል እንዲገኝ የሚጠበቀው ከዚህ የተነሳ ነው። እንግዲህ ቴሌቪዥን ያልመረጣቸው ሁለት ብቻ ቀሩ። እነሱም በኦሪገን የኮርቫሊሱ ኦሪገን ስቴትና የፑልማኑ ዋሽንግተን ስቴት ናቸው። ሁለቱም የእርሻ ትምህርት ለማስፋፋት በተቋቋሙ የመንግሥት ኮሌጆች መሠረት ላይ የቆሙ፣ ሁለቱም ከትላልቅ ከተሞች የራቁ ናቸው።

የፑልማን ሽማግሌዎች ግን ይህን ትርዒት አንድ ጊዜ አይተውታል። በ1959፣ ለተጫዋቾች በድብቅ የሚከፈል ገንዘብ ያስከተለው ቅሌት ማኅበሩን ባፈረሰው ጊዜ፣ የካሊፎርኒያዎቹና የሲያትሉ ዩኒቨርስቲዎች አዲስ ማኅበር ሲመሠርቱ አራቱ በደጅ ቀርተው ነበር፤ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኦሪገን፣ ኦሪገን ስቴትና አይዳሆ። ዋሽንግተን ስቴት ሦስት ዓመት ያለ ማኅበር ኖሮ በ1962 ገባ። የኦሪገኖቹ በ1964 ተከተሉ። አይዳሆ ግን አልተጠራም።

የአይዳሆ ዩኒቨርስቲ የሚገኘው ሞስኮ በምትባል ከተማ ነው። ስሟን ከሩሲያዋ ርዕሰ ከተማ ጋር የምትጋራው ይህች ከተማ ከፑልማን ዐሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ በመካከላቸው ያለው የክፍለ ግዛት ወሰን ብቻ ነው። አፈሩ አንድ፣ ስንዴው አንድ፣ ምስሩ አንድ። አይዳሆም ከ1922 ጀምሮ የማኅበሩ አባል ነበር። ከደጅ ከቀረ በኋላ በ1963 ከሌሎች ጋር ቢግ ስካይ የተባለውን መሠረተ፤ ከዚያም ከአንዱ ማኅበር ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኖሮ በ2014 ወደ ቢግ ስካይ ተመለሰ፤ በ2018 ደግሞ ፉትቦሉን በፈቃዱ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ አወረደ። ፑልማን ያለ ሰው የቡድኑን ዕጣ ለማወቅ ኮከብ ቆጣሪ አላስፈለገውም። በመኪና ሩብ ሰዓት ሄዶ ማየት ይችላል።

በ2023 የቀሩት ሁለቱ ያደረጉት ግን አንገት መድፋት አልነበረም። ማኅበርተኛ ሲበተን ጽዋው በማን እጅ ይቀራል? የሚሄዱት ዐሥሩ ንብረቱን በድምፅ ብልጫ ሊወስኑበት ፈለጉ፤ ሁለቱ ደግሞ «የወጣ ማኅበርተኛ በድግሱ ላይ አያዝዝም» ሲሉ ተከራከሩ። ክርክሩ የታየው ከፑልማን በስተሰሜን በኮልፋክስ፣ በትንሽዋ የዊትማን ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ኖቬምበር 14 ቀን 2023 ዳኛው ለሁለቱ ፈረደ፤ በዲሴምበርም የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሳይነካው አለፈ። በ2024 በተደረገው ስምምነት ወጪዎቹ ዐሥር ዩኒቨርስቲዎች ወደ 65 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ትተው ሄዱ። ከዚህም የሚያስገርም ነገር አለ። በአገር አቀፉ የቅርጫት ኳስ ውድድር አንድ ቡድን በተጫወተ ቁጥር የሚገኘው ድርሻ የሚከፈለው ለማኅበሩ ነው፤ ክፍያውም በስድስት ዓመት ይዘረጋል። ስለሆነም አሪዞና፣ ኦሪገንና ኮሎራዶ በማርች 2024 በላባቸው ያገኙት ድርሻ ጥለውት ለሄዱት ማኅበር ገቢ ሆነ።

የዚያ የመጨረሻ ዓመት የዋሽንግተን ስቴት ቡድን ለብቻው ሊነገርለት የሚገባ ነው። ጋዜጠኞች በመነሻው ከመጨረሻዎቹ ተርታ አስቀምጠውት ነበር። ተጫዋቾቹ ከየስርቻው የተለቀሙ ናቸው። ማይልስ ራይስ በ2022 ሆጅኪን የተባለው የሊምፍ ካንሰር ተገኝቶበት አንድ ዓመት በሕክምና ያሳለፈ ወጣት ነው። ጄይለን ዌልስ ሶኖማ ስቴት ከተባለ አነስተኛ ኮሌጅ መጣ (ያ ኮሌጅ በ2025 ስፖርቱን በጠቅላላ ዘግቷል)። አይዛክ ጆንስ ደግሞ ከዚያችው ከጎረቤቲቱ ሞስኮ፣ ከአይዳሆ ዩኒቨርስቲ ወሰን ተሻግሮ የመጣ ነው። አሠልጣኙ ካይል ስሚዝ እነዚህን አሰባስቦ በጃንዋሪ አሪዞናን በፑልማን ረታ። በፌብሩዋሪ ቡድኑ ከ2008 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሪቱ 25 ምርጥ ቡድኖች መዝገብ ገባ። ፌብሩዋሪ 22 በቱሶን፣ በአሪዞና ሜዳ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት ዌልስ ከሩቅ ወረወረ፤ ኳሷ ገባች፤ ተከላካዩም ጥፋት ፈጽሞበት ስለነበር የቅጣት ምቱን ጨመረ። 77 ለ74። ሊፈርስ አምስት ወር በቀረው ማኅበር ውስጥ የፑልማን ቡድን አንደኛ ሆኖ ታየ።

ይህም እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። በማርች፣ በፓክ 12 ስም በገዛ ሜዳው ባደረገው የመጨረሻ ጨዋታ፣ ዋሽንግተን ስቴት ወደ ቢግ ቴን በሚሄደው በሲያትሉ ዋሽንግተን ዩኒቨርስቲ ተሸነፈ፤ የሻምፒዮንነቱ ተስፋም በዚያ ምሽት ተነነ። ሁለተኛ ወጣ። ስሚዝ የማኅበሩ የዓመቱ አሠልጣኝ፣ ራይስ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባሉ። በአገር አቀፉ ውድድር በኦማሃ ድሬክን 66 ለ61 አሸንፈው በሁለተኛው ቀን በአይዋ ስቴት ወደቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአንድ ሳምንት ተጀመረ። ስሚዝ ወደ ስታንፎርድ ሄደ። ራይስ ኢንዲያናን መረጠ። ዌልስና ጆንስ ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ አለፉ። ተጫዋች ያለ አንድ ዓመት ቅጣት እንዲዘዋወር፣ በስሙም ገንዘብ እንዲያገኝ ከ2021 ጀምሮ ስለተፈቀደ፣ የሚያግዳቸው ሕግ አልነበረም። ደግሞስ ማን ይወቅሳቸዋል? ዩኒቨርስቲዎቹ ራሳቸው ዋጋ ወዳለበት ሲጎርፉ ያየ የሃያ ዓመት ልጅ ታማኝነትን ከማን ሊማር ኖሯል? የሴቶቹ ቡድን ዕጣ ከዚህ የተለየ አይደለም። በማርች 2023 ሴቶቹ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.ን በፍጻሜ አሸንፈው የፓክ 12ን የማጠቃለያ ዋንጫ ሲወስዱ፣ የውድድሩ ኮከብ የተባለችው ኒውዚላንዳዊቷ ቻርሊስ ሌገር ዎከር ነበረች። በ2024 ወዴት ተዛወረች? ወደ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.።

ከ2024 እስከ 2026 ሁለቱ ቀሪዎች ለቅርጫት ኳሳቸው በዌስት ኮስት ኮንፈረንስ ተጠለሉ። ይህ ማኅበር በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ኮሌጆች ስብስብ ነው። ዐሥራ ሦስት ሺህ ተመልካች በሚይዘው በሎስ አንጀለሱ ፖሊ ፓቪልየን ይጫወት የነበረው ቡድን፣ ሦስት ሺህ ተኩል ያህል ሰው በሚይዘው በሴይንት ሜሪስ አዳራሽ ተገኘ። አዲሱ አሠልጣኝ ዴቪድ ራይሊ ከአቅራቢያው ከኢስተርን ዋሽንግተን ተጫዋቾቹን ጭምር ይዞ መጣ፤ በመጀመሪያው ዓመት 19 አሸንፎ 15 ተሸነፈ። ከእሱ ጋር የመጣው ሴድሪክ ካዋርድ ስድስት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ትከሻው በመጎዳቱ ከሜዳ ራቀ፤ ሆኖም በ2025 ባለሙያዎቹ በዐሥራ አንደኛ ተራ መረጡት። ለፑልማን ስድስት ጊዜ ብቻ የተጫወተ ሰው የዓለም ተጫዋች ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ከተማዋ መተላለፊያ እንጂ ማረፊያ እየሆነች አለመምጣቷን በምን ማረጋገጥ ይቻላል?

የገንዘቡ መጉደል ከቅርጫት ኳሱም አልፏል። ድሮ ማኅበሩ በዓመት ለአንድ አባል ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያከፋፍል ነበር። ያ በመቅረቱ ዋሽንግተን ስቴት በጁን 2025 የአትሌቲክስ ክፍሉን ቆረጠ። ዝላይና ውርወራ ተሰረዙ፤ አጭር ርቀት ተመነመነ፤ ረጅም ርቀት ብቻ ተረፈ። ምሥራቅ አፍሪቃዊ አንባቢ የረጅም ርቀቱን መትረፍ በሌላ ዓይን ያየዋል። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖች ሲሰባብር የዚህ ዩኒቨርስቲ ተማሪ ነበር።

ሁለቱ ቀሪዎች ጽዋውን አልጣሉትም። በሴፕቴምበር 2024 ቦይዚ ስቴት፣ ኮሎራዶ ስቴት፣ ፍሬዝኖ ስቴት፣ ሳን ዲዬጎ ስቴትና ዩታ ስቴት ከ2026 ጀምሮ በፓክ 12 ስም ለመሰባሰብ ተስማሙ። በኦክቶበር ጎንዛጋ ተጨመረ፤ በ2025 ደግሞ ቴክሳስ ስቴት፣ ከውቅያኖሱ እጅግ የራቀ አገር ሰው ሆኖ፣ ገባ። ተጣልቶ የወጣ ሳይኖር፣ እነዚህም በተራቸው ሌላ ማኅበር አጉድለው መምጣታቸውን መሸፋፈን ግን አይገባም። አምስት አባሎቹን ያጣ ማኅበር በተራራማው ምዕራብ ቀርቷል፤ እዚያም የሚቆጭ ከተማ አለ።

ከሁሉ ለፑልማን ቅርቡ ጎንዛጋ ነው። በስፖኬን፣ በ120 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ፣ ፉትቦል የሌለው፣ በቅርጫት ኳስ ብቻ ስሙን ያስከበረ ዩኒቨርስቲ ነው። ለዓመታት ተቋርጦ የነበረው የሁለቱ ግጥሚያ በ2025 በስደቱ ማኅበር ውስጥ ቀጠለ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጎንዛጋ አሸነፈ።

የፑልማንና የሞስኮ ቡድኖችም የቅርጫት ኳስ ግጥሚያቸው ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ድሮ በፉትቦል የተሸነፈው ዩኒቨርስቲ ተማሪዎች በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን መንገድ በእግራቸው እንዲጓዙ ልማድ ነበር። በ1954 አይዳሆ ለረጅም ዘመን ሳያሸንፍ ቆይቶ ድንገት ባሸነፈ ጊዜ፣ ብዙ የፑልማን ተማሪዎች በስንዴው መካከል ተሰልፈው ወደ ሞስኮ ሄዱ። በዚያው አቅጣጫ የነበረው የባቡር ሐዲድ ተነሥቶ ከ1998 ጀምሮ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ አየሩ ደህና ሲሆን ከሁለቱም ወገን ሰዎች ይመላለሱበታል።