ያልወጣነው ግንብ

በገላን ኮንዶሚኒየም ያለው ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃውም ሊፍት የለውም። ስለዚህ አባታችን ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ደረጃው እንደ ተራራ ሆነባቸው። ከቤት የሚወጡት ለጸበልና ለሕክምና ብቻ፥ እርሱም በሁለት ጎረምሶች ተደግፈው ነበር። በመጨረሻም ዕቁቡ ወጥቶልን፥ ዘመድ አዝማድም አዋጥቶልን፥ ጉልበታቸውን በቀዶ ጥገና ለማስለወጥ ከታናሽ እኅታችን ጋር ሆነን ወደ ሕንድ አገር ወደ ዴልሂ ይዘናቸው ሄድን።

የሆስፒታሉ ቀጠሮ በማግሥቱ ስለ ነበረ የመጀመሪያው ቀን ባዶ ሆነ። እኛ ዕረፍት ይሻላል ብለን ነበር፤ አባታችን ግን «እስከዚህ ድረስ መጥቼ የማየው የሐኪም ቤት ጣራ ብቻ ነውን?» ብለው ተቆጡ። ምክንያትም ነበራቸው። በልጅነታቸው ሒሳብ ያስተማሯቸው፥ በዚያ ዘመን በየትምህርት ቤታችን ይሠሩ ከነበሩት ሕንዳውያን መምህራን አንዱ ነበሩ፤ እኒያም መምህር የቁጥብ ሚናርን ነገር ደጋግመው ይነግሯቸው ነበር።

እንግዲህ በከተማው ባቡር ተሳፈርን። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ የጀመረው ይህ ሜትሮ ከምድር በታችም ከምድር በላይም ይሄዳል፤ በየጣቢያውም ሊፍት ስላለ አባታችን አንድ ደረጃ ሳይወጡ ደረሱ። ከጣቢያው እስከ ግንቡ የወሰደን እኛ ባጃጅ የምንለው ባለ ሦስት እግር ነው፤ በትውልድ አገሩ ግን ስሙ «አውቶ»፥ ቀለሙም አረንጓዴና ቢጫ ነው።

ቁጥብ ሚናር በ12ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ቁጥብ አዲን አይበክ ያስጀመረው፥ ተተኪው ኢልቱትሚሽም ከፍ ያደረገው የቀይ ድንጋይ ግንብ ነው። የላስታ ሰዎች በንጉሥ ላሊበላ ዘመን አለቱን ወደ ታች ሲፈለፍሉ፥ የዴልሂ ሰዎች በዚያው ዘመን ግድም ድንጋዩን ወደ ላይ ይክቡ ነበር። በውስጡ 379 ደረጃዎች አሉት፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1981 በደረጃው ላይ በሆነው መጨናነቅ 45 ሰዎች፥ የሚበዙትም ተማሪዎች፥ ካለቁ ወዲህ ለጎብኚ ተዘግቷል። ይህን ስንነግራቸው አባታችን «ነፍስ ይማር» ብለው ጥቂት ዝም አሉ፤ ቀጥሎም «እንግዲህ እዚህ እኔም ከጎረምሳው ጋር እኩል ነኝ» አሉ።

ከዚያም ምርኩዛቸውን በፀሐይ ላይ ቀጥ አድርገው አቁመው ጥላውን ለኩልኝ አሉን። የ90 ሴንቲ ሜትሩ ምርኩዝ የ60 ሴንቲ ሜትር ጥላ ጣለ፤ ስለዚህ በዚያች ሰዓት የማናቸውም ነገር ቁመት የጥላው አንድ ተኩል እጥፍ ነበር። እኅታችን ከግንቡ ግድግዳ እስከ ጥላው ጫፍ በእርምጃ ሰፍራ 41 ሜትር ያህል አገኘች። ሲሰላ 61 ሜትር ተኩል ሆነ፤ የግንቡ ቁመት ግን 72 ሜትር ተኩል ነው። እኛ «ለግምት መልካም ነው» ብለን ልናጽናናቸው ስንል፥ እርሳቸው ግንባራቸውን ቋጥረው ቆዩና፥ «ጥላው የሚቈጠረው ከግንቡ እምብርት እንጂ ከግድግዳው አይደለም፤ የመሠረቱ ወርድ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከ14 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የወርዱን ግማሽ 7 ቢጨምሩበት 48፥ ቢያባዙትም 72 ሆነ።

«የደብራችንን ክብ ቤተ ክርስቲያን ስንለካ ይህንኑ ግማሽ ረስቼ፥ መምህሬ ዜሮ ሰጥተውኝ ነበር» ብለው ሳቁ። ከሕመማቸው በቀር ሌላ ነገር ካወሩ ብዙ ጊዜ የሆናቸው አባታችን፥ በዚያች ምሽት እስኪተኙ ድረስ ስለ መምህራቸው አወሩ።

ቀዶ ጥገናው በዚያው ሳምንት ተደረገ። ዛሬ አባታችን የገላኑን ደረጃ በየፎቁ እያረፉ ይወርዳሉ፥ ይወጣሉም፤ ግራ ጉልበታቸው ግን ገና ተራውን ይጠብቃል። መምህሩ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አናውቅም። ይሁን እንጂ ከሩቅ አገር መጥተው ለአንድ የገጠር ልጅ ያስተማሩት ትምህርት፥ ያ ልጅ ሸምግሎ በምርኩዝ ሲሄድ፥ እግሩ ሊወጣው የማይችለውን ከፍታ በገዛ አገራቸው መሬት ላይ ቆሞ እንዲለካ አስችሎታል።